ከአቤቱታው በፊት

የሣራ አሕመድ መጽሐፍ ርእስ አንድ ቃልና አንድ ቃለ አጋኖ ነው፦ «ኮምፕሌይንት!»። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር መጀመሪያ የመጣልኝ «ቅሬታ» ነበር። ግን ቅሬታ ለስላሳ ነው፣ ሆድ ውስጥም ተይዞ ይቀራል። «ክስ» ደግሞ ገና ሲጠራ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይሸታል። የቀረኝ «አቤቱታ» ነው። እሱም ቢሆን ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የደከመ ቃል ነው፤ ቃለ አጋኖው ያለው እናቱ ውስጥ ነው፣ «አቤት!» ውስጥ።

«አቤት» የሚገርም ቃል ነው። ተበደልኩ ያለ ሰው ጃንሆይ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ የሚጮኸው «አቤት! አቤት!» እያለ ነበር። እናታችን ከጓዳ ስትጠራን የምንመልሰውም «አቤት» ነው። የሚጣራውም የሚጠራውም በአንድ ቃል ይገናኛሉ ማለት ነው። አሕመድ ቃል እያገላበጠች መመርመር ስለምትወድ፣ አማርኛ ብታውቅ ኖሮ ከዚህች ቃል ብቻ አንድ ምዕራፍ ታወጣ ነበር። የመጽሐፏ ጉዳይ አንዱ አቤት ሲል ሌላው አቤት የማይልበት ቦታ ነው። ቦታው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ለማታውቋት፦ ሣራ አሕመድ እንግሊዝ አገር ተወልዳ አውስትራሊያ ያደገች፣ አባቷ ፓኪስታናዊ የሆነ ምሁር ናት። ለንደን በሚገኘው ጎልድስሚዝስ ፕሮፌሰር ነበረች። በ2016 (ስለ ውጭ አገር ሳወራ ዓመቱ በነሱ አቆጣጠር ነው) ሥራዋን ለቀቀች፣ ምክንያቷንም አልደበቀችም። ተማሪዎች በግቢው ስለሚደርስባቸው ወሲባዊ ትንኮሳ ሲያመለክቱ አብራቸው ቆማ ነበር። ምርመራ ተደረገ፣ ሌላም ምርመራ ተደረገ፤ ተቋሙ ግን ጉዳዩን በአደባባይ ሊያነሳው አልፈለገም። ከወጣች በኋላ አቤት ያሉ፣ ጀምረው የተዉ፣ ወይም አስበውበት ዝም ያሉ አርባ ያህል ተማሪዎችን፣ መምህራንንና የአስተዳደር ሠራተኞችን አነጋገረች። መጽሐፉ የወጣው በ2021 ነው፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ።

እኔ ያነበብኩት እንደ ሶፍትዌር ሠሪ ነው፤ ሌላ ዓይን የለኝም። አንድ ቦታ ላይ አሕመድ የአቤቱታ ሥነ ሥርዓት በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሣል ታሳያለች፦ ሣጥን፣ ቀስት፣ ሣጥን፣ ቀስት። ፍሎውቻርት የምንለው ነው፣ ኢንጂነሪንግ የገባ ሁሉ ገና በጠዋቱ የሚሥለው። አቤት ያለ ሰው በእውነት የሄደበት መንገድ ሲሣል ግን የተጠላለፈ ክር ነው፤ ድመት የተጫወተችበት ይመስላል። መግቢያውም መውጫውም አይለይም።

በእኛ ሙያ ችግር ሲገጥም ቲኬት ይከፈታል። ጂራ ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፦ «አዲስ»፣ «በሂደት ላይ»፣ «ተዘግቷል»። የተዘጋ ቲኬት ሁሉ የተፈታ ችግር አይደለም። «ከዚህ በፊት ቀርቧል» ተብሎ ይዘጋል። «እኛ ጋ ሊደገም አልቻለም» ተብሎ ይዘጋል። ከሁሉም የሚያናድደው «ሲስተሙ የሚሠራው በታቀደለት መንገድ ነው» ተብሎ ሲዘጋ ነው። የአሕመድ ዋና ነጥብ ይሄ ሦስተኛው ይመስለኛል። እኛ ተበላሽቷል የምንለው የአቤቱታ ሥርዓት አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ሥራው ደግሞ አመልካቹን ማድከም ነው።

እንዴት እንደሚያደክም በዝርዝር ማሳየት ላይ እሷን የሚያክል ጸሐፊ አላነበብኩም። ፋይል ይጠፋል። ኃላፊው ፈቃድ ይወጣል። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ይከርማል። እያንዳንዱን ለብቻው ስታዩት ዝርክርክነት ነው፣ ሲደመር ግን ጥቅም ይሰጣል፤ እሷ ስልታዊ አለመቀልጠፍ ትለዋለች። ይሄን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ተቋም የመጨረሻ ቀን የለውም፣ ተማሪ ግን አላት። በኛ ጊዜ ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ነበር፤ ማስተርስ ሁለት ነው። ዝም ብሎ የጠበቀ ያሸንፋል፣ እና መጠበቅ የሚችለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ሁልጊዜ የተናጋሪ ምክር አድርጌ ነበር የምሰማው፤ ለቢሮም እንደሚሠራ አላሰብኩትም ነበር።

ሌላው ራስ መነቅነቅ ነው። አቤት ባይዋ ቢሮ ትገባለች፣ ኃላፊዋ በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አመልካቿ ተሰማሁ ብላ ትወጣለች፣ ምንም አይሆንም። መነቅነቁ የሰሚነት ምልክት ሳይሆን የሰሚነት ምትክ ነው። እኛ አገር ደግሞ ጭንቅላት ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እየተደረገ «እ... እ...» ይባላል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ» ይጨመርበታል። ሙሉ ኦርኬስትራ ነው። ከዚያ «ጉዳይሽ በመታየት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ሥርዓተ ነጥባችን ትእምርተ ስላቅ የሚባል የተገለበጠ ቃለ አጋኖ አለው፤ ጥቅሙን እየረሳነው ነው እንጂ ቦታው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ላይ ነበር¡

አሕመድ የፖስታ ሣጥን ፎቶም ታሳያለች፤ ወፎች ጎጆ ስለሠሩበት ደብዳቤ አትክተቱ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። የአስተያየት መስጫ ሣጥን ያለበት ግቢ የተማራችሁ ሳትስቁ የምታልፉት አይመስለኝም። የኛ ሣጥን ላይ ወፍ አልነበረም፤ ቁልፉ ዝጎ ማንም እንደማይከፍተው ግን ከሩቅ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የምሠራበት ድርጅት ለአንድ የትምህርት ተቋም የተማሪዎች አገልግሎት ሲስተም ሲሠራ የቅሬታ ገጹ ለኔ ደረሰኝ። ከተቋሙ የመጣው ዝርዝር እነዚህን መረጃዎች ያስገድዳል፣ ቀይ ኮከብ ያላቸው ናቸው፦ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንት፣ የተከሳሽ ስም፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት፣ ማስረጃ። ከነዚህ አንዱ ባዶ ከሆነ «ላክ» የሚለው ቁልፍ አይሠራም። ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ጠየቅኩ፦ «አሁን ምን ያስፈልግሻል?» የተቋሙ ተወካይ ጨዋ ሰው ነበር። ትንሽ አሰበና «እሱማ ጥሩ ነበር፣ ግን ለማን ነው የሚላከው?» አለኝ። ልክ ነበር። «የተከሳሽ ስም» የሚላክበት የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ። «ምን ያስፈልግሻል» የሚላክበት ሰው የለም።

የተከሳሽ ስም የሚለው ሳጥን ከምናስበው በላይ ሰው ያስቀራል። ትንኮሳን መምህርና ተማሪ ብቻ አድርገን ስለምናስበው ነው የማይታየን። ግቢ ውስጥ የሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ብሔሯ ሲሰደብ የምታነብ ልጅ ማንን ትከሳለች? በ2012 ዓ.ም. በብሔር ግጭት ምክንያት ግቢያቸውን ጥለው የወጡ ተማሪዎች ምን ብለው ይሙሉት? በዊልቸር የሚሄድ ተማሪ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲመደብበት ተከሳሹ ደረጃው ነው? አሕመድ ስለ ዘረኝነትና ስለ አካል ጉዳተኞች አቤቱታ የጻፈችው ከመጽሐፉ ጠንካራ ክፍሎች ውስጥ ነው፤ የሚመቻቸው ክፍል እንዲሰጣቸው የጠየቁ ሰዎች ራሳቸው እንደ ችግር ሲታዩ ታሳያለች።

ከሷ በፊት ይሄን ጉዳይ በልብወለድ የማውቀው በኩትዚ «ዲስግሬስ» ነው፣ በ1999 የወጣው፣ የቡከር ሽልማት የወሰደው። የኬፕታውን ፕሮፌሰር ከተማሪው ጋር ይተኛል፣ እሷ ትከሰዋለች፣ ኮሚቴ ይቀርባል። የተማሪዋን ቃል አንብብ ሲሉት ማንበብ አያስፈልገኝም፣ የተባለውን ሁሉ ተቀብያለሁ ይላል። ኮሚቴው ፊት ደፋር ያስመስለዋል። ግን እሱ ስላላነበበው እኛም አናነበውም። ሜላኒ የጻፈችው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሳይገለጥ ይቀራል፣ ልብወለዱም እሱን ተከትሎ ወደ ገጠር ይሄዳል። ኩትዚ ይሄን ሳያውቅ ያደረገው አይመስለኝም፤ ጭካኔውም እዚያ ላይ ነው። የአሕመድ መጽሐፍ ያ ያልተገለጠ ወረቀት ሲገለጥ ማለት ነው።

እንዲህ ካልኩ በኋላ ግን መጽሐፉ ያስቸገረኝን ልናገር። አንደኛ ይደጋግማል። በር ይከፈታል፣ በር ይዘጋል፣ በር ይያዛል፣ በሩ ያወራል፤ አንድ ሦስተኛው ቢቀነስ ምንም አይጎድልበትም። በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ የምትሠራው ጨዋታም ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ አንዳንዴ ከነጥቡ ያዘናጋል። እሱ ትንሹ ነው። ትልቁ፣ መጽሐፉ ሁሉን ነገር የሚለካው ከአቤቱታው ጋር ባለው ርቀት መሆኑ ነው። ሰዎቹ አቤት ያሉ፣ ሊሉ የነበሩ፣ ብለው የተዉ ናቸው። ዝም ያለችውን አልረሳቻትም፤ ዝምታዋን ግን የምታነበው እንዳልተወለደ አቤቱታ ነው። ያቺ ልጅ በነዚያ ወራት ምን በልታ፣ የት ተኝታ፣ ፈተናዋን ማን አርሞላት እንዳለፈች አይታይም። የቢሮውን ፍሎውቻርት በጥርጣሬ የምትመረምረው ጸሐፊ የመጀመሪያውን ሣጥን፣ «አቤቱታ ቀረበ» የሚለውን፣ ሳትነካው ትጀምራለች። የኔ ጥያቄ ያለው ከዚያ ሣጥን በፊት ነው።

ይሄን የምለው ከዶርም ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስድስት ነበርን። አንዷን ልጅ የላብ መምህሯ ሌሊት ቴክስት ይልክላታል፣ የተማሪውን ሁሉ ፔፐር ሲመልስ የሷን «ቢሮ መጥተሽ ውሰጂ» ይላታል፣ ብቻሽን ማለቱ ነው። አልከሰሰችም። «ክሰሺው እንጂ!» ስንላት «ማንን ይዤ?» አለች፣ በቃ። ከኛ ውስጥ አንዷ ባለችበት ሰዓት እንጂ ወደዚያ ሕንፃ እንዳትሄድ ተራ አወጣን፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሩ ጀርባ ተለጥፎ ነበር፣ ከጽዳት ተራው አጠገብ። አንዲት ሲኒየር ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው እንደሚሰጠው ነገረችን። የሥርዓተ ፆታ ቢሮም ሄደን ነበር። እዚያ ያለችው ሴትዮ ደግ ናት፤ ለብዙ ልጅ ሳሙናም ሞዴስም ከኪሷ ትገዛለች ይባላል። «ጽፈሽ ካላመጣሽልኝ ምንም ላደርግልሽ አልችልም የኔ እናት» አለቻት። ሥልጣኗ እዚያ ድረስ ነው። ልጅቷ ትምህርቱን ድሮፕ አደረገችው። ትምህርቱ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፣ የሚቀጥሉት ደግሞ እሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች።

የዚህ ታሪክ ሰው ሁሉ ክፉ ቢሆን ቀላል ነበር። አንዱ ብቻ ነው ክፉው። ሌላው ሁሉ፣ ቢሮዋን ጨምሮ፣ ሊረዳት ይፈልግ ነበር፤ እርዳታው ግን በሙሉ ከአንድ ወረቀት ጀርባ ተቆልፎ ነበር።

ሕጋችንም እንደዚያው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 የሴትን ችግር፣ ወይም በመምህርነት፣ በአሠሪነት፣ በጠባቂነት ያገኘውን ሥልጣን ተጠቅሞ ወሲብ የፈጸመባትን ሰው ይቀጣል። መምህርን በስሙ ጠርቶታል። ቅጣቱ የሚመጣው ግን አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው፤ የሷ ገመና ሳትፈልግ አደባባይ እንዳይወጣ ነው። ቢሆንም ውጤቱን ተመልከቱ፦ አቤት ያላለች ሴት ሕጉ ፊት ምንም አልደረሰባትም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል፣ ተማሪ ደግሞ ሠራተኛ አይደለችም። ወንጀል ያለ አቤቱታ አይቀጣም፣ እሺ። የፈተና ወረቀት በሌላ መምህር መታረም ግን ቅጣት አይደለም። ለምንድነው እሱም አቤቱታ የሚጠይቀው?

ማታ ስምንት ሰዓት ላይ ሲስተም ሲወድቅ ኮዱን ማን እንደጻፈው አንጠይቅም። መጀመሪያ አገልግሎቱን እናስነሳለን። ትራፊኩን ወደሚሠራው ሰርቨር እናዞራለን፣ የትናንቱን ቨርዥን እንመልሳለን፣ ተጠቃሚው ሥራውን ይቀጥላል። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው በማግስቱ ቡና ተይዞ፣ ሎግ ተገልጦ የሚታይ ነው፤ ሳምንት ሊፈጅም ይችላል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ናቸው፣ የተለያየ ሰዓት አላቸው፣ ብዙ ጊዜም የተለያየ ሰው ነው የሚሠራቸው። ተጠቃሚውን «መጀመሪያ ጥፋተኛውን አሳየን፣ ከዚያ እናስነሳልሃለን» የሚል ድርጅት አንድ ወር አይቆይም።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖች ታይትል ናይን የሚሉት፣ በትምህርት ቤት በጾታ ማዳላትን የሚከለክል የ1972 ሕግ አላቸው። በ2020 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንቡ በተጠቂዎች ጠበቆች ዘንድ የተጠላ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ከሳሽና ምስክር በቀጥታ መስቀለኛ ጥያቄ እንዲጠየቁ ስለሚያደርግ። እዚያው ደንብ ውስጥ ግን ብዙ ያልተወራለት ነገር አለ። ተቋሙ ነገሩን ካወቀ፣ ተማሪዋ መደበኛ ክስ ብታቀርብም ባታቀርብም ድጋፍ ሊያቀርብላት ይገደዳል፦ የምክር አገልግሎት፣ የማስረከቢያ ቀን ማራዘም፣ የክፍል ፕሮግራም መቀየር፣ መኖሪያ መቀየር፣ ግቢ ውስጥ አጃቢ። ድጋፉ በነፃ ነው፣ ሌላውንም ወገን የሚቀጣ መሆን የለበትም። በጥላቻ የሚነበብ ደንብ ውስጥ ይሄን ሳገኝ፣ አሕመድ ለምን አጠገቡ እንዳልቆመች ገረመኝ። ለነገሩ እሷ የጻፈችው በዋናነት ስለ እንግሊዝ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከ2025 ነሐሴ ጀምሮ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በትንኮሳ ጉዳይ ተማሪን የምስጢር ጠብቂ ውል ማስፈረም ተከልክለዋል። መጽሐፏ ላይ ያሉ አንዳንድ ሰዎች አፋቸውን የያዘው ያ ወረቀት ነበር።

እኛ ጋ ምን ይመስል ነበር? ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ሴክሽን መቀየር። የፈተና ወረቀት ስም ተሸፍኖ በሌላ መምህር መታረም። አማካሪ ያለ ምክንያት አንዴ መቀየር፤ «ያለ ምክንያት» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፣ ምክንያት ከተጠየቀ ተመልሶ አቤቱታ ሆነ። በዚያው ቀን ዶርም መቀየር። ይሄን የሚወስን፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ የሌለ አንድ ሰው። ሥርዓተ ፆታ ቢሮ ያለችው ሴትዮ ይሄ ሥልጣን ቢኖራት ጓደኛችን ዓመቷን አታጣም ነበር።

ረቂቁን ያነበበች አንዲት የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬ ተቆጣችኝ። «እና መምህሩ በሰላም ይቀመጥ? እሷን ከክፍሉ አወጣሃት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ፍሬሽ ሌላ ልጅ ሰጠኸው!» አለች፤ ስትናደድ ሁሉንም ሰው በወንድ ነው የምታናግረው። አሕመድም ከሷ ጋር የምትቆም ይመስለኛል። የምመልሰው አለኝ፣ ግን ሙሉ አይደለም። ግሬዷ በእጁ ያልሆነ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ልትከሰው ትችላለች፤ ግሬዷ በእጁ ያለ ልጅ አትችልም። ደግሞም በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሴት ተማሪዎች ከአንድ መምህር ክፍል ልውጣ ካሉ ሬጅስትራሩ ጋ ቁጥር አለ። ማንም ስሟን ሳትጽፍ የተጻፈ ነገር ነው። ያንን ቁጥር የሚያይ ሰው ይኖራል ወይ ካላችሁኝ፣ ወደ ራስ መነቅነቁ ተመለስን፣ አውቃለሁ።

የመጽሐፉ ሰባተኛ ምዕራፍ የአሕመድ አይደለም። ያኔ ጎልድስሚዝስ ላይ በጋራ አቤት ያሉት ተማሪዎች ራሳቸው የጻፉት ነው፣ እንዴት እንደተገናኙና እንዴት አብረው እንደቆሙ። ከመጽሐፉ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው፤ ቋንቋው ቀለል ይላል፣ በር የለበትም። ባለፈው ሰሞን ለዚያች የዶርም ጓደኛዬ በስልክ አወራሁላት። እሷ አሁን ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። ዝም ብላ ሰማችኝና፦

«እና የደገፋቸው ዩኒቨርሲቲው ነው ራሳቸው?»

«ራሳቸው።»

«እንደኛ ዶርም በይው።» ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ዶርም ያልቀናት ልጅስ?» አለች።